የጨርቅ ክርና የሐዋሳው አናጺ

ንጽሕና የሚባለው ነገር ግራ ያጋባኛል። እኛ የዚህ ከተማ ሰዎች ቆሻሻ የምንለው ዓይናችን ያየውን ብቻ ነው። ጫማችን ላይ አቧራ ካየን ሊስትሮ እንፈልጋለን፤ የሸሚዛችን ኮሌታ ጠቆር ካለ ቀኑን ሙሉ አንገታችንን ቀብረን እንውላለን፤ እንግዳ ይመጣል ከተባለ ደግሞ የሶፋው ሥር ሳይቀር ይጠረጋል፣ እንግዳው እዚያ ሥር የሚተኛ ይመስል። ዓይናችን ያላየውን ግን አንድም ጥያቄ ሳናነሳ ንጹሕ ነው ብለን እናልፈዋለን። ዓይንን የንጽሕና ዳኛ አድርጎ የሾመው ማን እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አልጠየቅኩም ነበር።

ፈላስፋ ነኝ እያልኳችሁ አይደለም። ፎቶ ኮፒ አንሺ ነኝ። ሱቄ መካኒሳ ውስጥ፣ ከታክሲ መውረጃው ገባ ብሎ፣ አንድ ሕንጻ ምድር ቤት ነው። ሰው መታወቂያውን፣ የልጁን የልደት ካርድ፣ የቤቱን ካርታ ይዞ ይመጣል፤ እኔ ብርሃን አበራበትና መንትያውን አወጣለታለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው። ከእኔ ቀጥሎ ያለው የልብስ ስፌት ቤት ሲሆን ባለቤቷ ስንታየሁ ትባላለች። ስንታየሁ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አትሰማም። ስሟን ያወጡላት አባቷ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያኔ ይህን አላወቁም ነበር፤ በስሙ ግን አልተሳሳቱም። ይህቺ ልጅ የማታየው ነገር የለም። ደንበኛ ገና በሩን ሲያልፍ የትኛው ትከሻው ዝቅ እንደሚል አይታ ጨርሳለች። ሜትሩን የምታወጣው ለወጉ ነው።

ጎረቤት ከሆንን ቆይተናል። መጀመሪያ በወረቀት እንጻጻፍ ነበር፤ ወረቀት ደግሞ እኔ ዘንድ ሞልቷል። በኋላ ግን ስንታየሁ ሰለቻት መሰለኝ የምልክት ቋንቋ ታስተምረኝ ጀመር። ጣቶቼ ደነዝ ናቸው። አንድ ቀን «ዝናብ ሊመጣ ነው» ለማለት ብዬ ምን እንዳልኳት እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ ብቻ መቀሷን ጥላ ነው የሳቀችው። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ለሚያውቁት ሰው ሁሉ በምልክት ስም እንደሚያወጡለትም የተማርኩት ከእሷ ነው። የእኔ ስም መነጽርን በአንድ ጣት ወደ ላይ መግፋት ነው። አየለ የሚለው ስሜ እዚያ ሱቅ ውስጥ በጽሑፍ ካልሆነ አይታወቅም።

ታምራት የሚባል ሰው አለ። ሐዋሳ የሚኖር አናጺ ነው፤ እሱም አይሰማም። ልጆች ሆነው ከስንታየሁ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ነበሩ። ከዚያ ኑሮ ለየብቻ ወሰዳቸው፣ አንድ የጋራ ጓደኛቸው ሠርግ ላይ ደግሞ መልሰው ተገናኙ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል፣ ስንታየሁ ስልኳን የቁልፍ ማጠራቀሚያው ጣሳ ላይ ታስደግፋለች። (በሁለት እጁ የሚናገር ሰው ስልክ በእጁ ሊይዝ አይችልም፤ ይህንንም አስቤው አላውቅም ነበር።) ከዚያ ወሬው ይጀመራል። ያን ወሬ ብታዩት! ድምፅ የሚባል የለም፣ ሱቁ ግን ጫጫታ በጫጫታ ነው። ትከሻ ያወራል፣ ቅንድብ ያወራል፣ ጉንጭ ሳይቀር ያወራል። አናጺው አንዳንዴ የሠራውን ወንበር ብድግ አድርጎ ያሳያታል። እሷ ከመካኒሳ ሆና አየት ታደርግና አንዱ እግር ያጥራል ትለዋለች። ይለካዋል። ያጥራል።

ሕንጻችን ውስጥ የሞባይል ኔትወርክ ገብቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እኔና እሷ ተስማምተን የፋይበር ኢንተርኔት አስገባን። መቀበያው ሳጥን እሷ ሱቅ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፣ ዋይፋዩ ለእኔም ይደርሰኛል። ብዙ ጊዜ ያለ አንዳች ችግር ስንጠቀም ኖርን። ክረምቱ ሲወጣ ግን ስንታየሁ የስፌት መኪናዋን ብርሃን ፍለጋ ወደ መስኮቱ አዛወረች፣ ሳጥኑም ቦታ ለቀቀላት። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ነው የቅዳሜው ምስል መቆራረጥ የጀመረው። ሁለቱን ነገሮች ያገናኘ ግን ማንም አልነበረም።

የሚገርመው፣ እኔ ምንም አልታወቀኝም። ኢሜይል ይመጣል፣ አትመዋለሁ፤ ትንሽ ቢዘገይ ደንበኛው ያወራል፣ እኔም አወራለሁ፣ ወረቀቱም ይወጣል። የስንታየሁ እናት እትዬ በላይነሽም ደሴ ካሉት እህታቸው ጋር ሲደዋወሉ ምስሉ ደርቆ ቢቀርም ድምፁ አይጠፋም፤ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አለሽልኝ?» ተባብለው ይግባባሉ። ለስንታየሁ ግን የአንድ አፍታ መቆራረጥ አንድ ቃል ነው። የታምራት እጅ ደረቱ ላይ ታየዋለች፣ ቀጥሎ ግንባሩ ላይ ታየዋለች፤ በመሃል ምን ብሎ እንደሄደ አታውቅም። እስቲ አስቡት፤ ከሰው ጋር እያወራችሁ ከየዓረፍተ ነገሩ ግሡን የሚሰርቅባችሁ ሌባ ቢኖር።

ደወልን። ማለቴ፣ እኔ ለኢንተርኔት አቅራቢዎቹ ደወልኩ።

«ሳጥኑን አጥፍተው ያብሩት» አሉኝ። አጠፋሁ፣ አበራሁ።

«አሁን ድምፅ ይሄዳል?»

«ድምፅስ ይሄዳል።»

«እንግዲያው ይሠራል።»

ስልኩን ዘጋሁና «ይሠራል አሉ» ብዬ ለስንታየሁ ነገርኳት። እንዴት አድርጋ እንዳየችኝ ይቅርባችሁ። የሕንጻው ሰው ደግሞ የራሱ ማብራሪያ ነበረው፤ መንገዱ ስለሚቆፈር ነው። ሰሞኑን በእኛ በኩል ውኃ ሲጠፋም፣ ታክሲ ሲዘገይም፣ ሰው ሲያስነጥሰውም ጥፋተኛው ቁፋሮው ነው። ቁፋሮውም አፍ አውጥቶ አይከራከርም።

እንዲህ እንዳለን ያቺ ቅዳሜ መጣች። የሆነውን እኔ በዓይኔ አላየሁም፤ ስንታየሁ ናት በኋላ አንድ በአንድ ያሳየችኝ። ታምራት ያን ቀን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ዘወትር ፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ ይዞ የሚቀርብ ሰው፣ የአንገት ቁልፉን ሳይቀር ቆልፎ ቀረበ። ፊቱም ኮስተር ብሏል። እጆቹን አነሳና «አንቺና እኔ…» አለ። ምስሉ ተቆራረጠ። ስንታየሁ የተረፈውን ለመልቀም ዓይኗን ጠበብ፣ ግንባሯን ቋጠር አድርጋ ወደ ስልኩ ተጠጋች፤ መዳፏንም ወደፊት ዘርግታ «ቆይ፣ ድገመው» ልትለው ጀመረች። «ቆይ» የሚለው ሐዋሳ ደረሰ። «ድገመው» የሚለው መንገድ ላይ ቀረ።

ግንኙነቱ ሲመለስ ታምራት የለም።

መልእክት ጻፈችለት፤ «ምን ነበር ያልከኝ?» መልሱ የመጣው አመሻሽ ላይ ነው። «ግዴለም» ይላል።

እኔ በበኩሌ ከአማርኛ ቃላት ሁሉ «ግዴለም»ን የመሰለ ከባድ አላውቅም። ግድ የሌለው ሰው ብሎት አያውቅም። ስንታየሁም ይህን ታውቃለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስልኳን ጣሳው ላይ አስደግፋ ጠበቀች፤ አልደወለም። በሚቀጥለውም አልደወለም። ደወለችለት፣ አላነሳም። ለበዓል «እንኳን አደረሰሽ» ብሎ ጻፈላት፤ እንዲህ ያለ መልእክት ለሁሉም ሰው የሚላክ ስለሆነ ካለመጻፉ ይልቅ ይህ አናደዳት።

ከንዴቱ በላይ ግን የበላት ጉጉት ነው። እጀታ እየገጠመች በመሃል ታቆምና ወደ እኔ ትመጣለች፤ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ ደገፍ ብላ፣ «‹አንቺና እኔ› ብሎ የሚጀምር ምን ምን አለ?» ትለኛለች። ቁጭ ብለን እንገምታለን። አንቺና እኔ አንድ ቀን ላንጋኖ እንሂድ። አንቺና እኔ ልጆች ሆነን ያ መምህር ትዝ ይልሻል? አንቺና እኔ ይብቃን። ወይም ደግሞ… እሱን ሁለታችንም እናውቀው ነበር፤ እጁን አንስቶ ለማለት የደፈረ ግን አልነበረም።

«ለምን በጽሑፍ ደግመሽ አትጠይቂውም?» አልኳት።

«ጠየቅኩት፣ ግዴለም አለ። ልለምነው እንዴ?»

እትዬ በላይነሽ ደግሞ የልጃቸው የስፌት እጅ መቀዝቀዙን አይተው በሐሳብ ከሱ። እኔን ከበር ያስቆሙና «አቶ አየለ፣ ሌላ አግብቶ ይሆን?» ይሉኛል። «ከሐዋሳ ምን አውቄ፣ እትዬ» እላቸዋለሁ።

በመጨረሻ፣ ብዙ ከተመላለስን በኋላ፣ ቴክኒሻን ተላከልን። ከድር ይባላል። ጎልማሳ ነው፤ ወሬ ይወዳል፤ መሰላሉን በር ላይ አቁሞ ገና ሳይገባ የሕንጻውን ግንበኛ መተቸት የጀመረ ሰው ነው። ሳጥኑን አየ፣ መብራቶቹን አየ። ስልኩን አውጥቶ በእኛው ዋይፋይ ባልደረባው ጋ ደወለ። «ሄሎ! ይሰማል? ይሰማል? ጥርት ብሎ?» ወደ እኛ ዞረና እጆቹን አጨበጨበ። «ምንም የለበትም። ይሰማል!»

ስንታየሁ ከንፈሩን አነበበች። መቀሷን ቀስ ብላ አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች።

«እኔ አልሰማም በለው።»

አልኩት። ከድር ክው አለ። «ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ጮክ ብዬ ልናገር?» አለ። ከዚያ ያለውን ነገር ራሱ ሰማውና በመዳፉ ግንባሩን መታ። «ቆይ፣ በቪዲዮ ነው የምታወራው?»

«በቪዲዮ ብቻ።»

«ምስሉ ሲቆም…»

«ወሬው ይቆማል።»

  ከድር መሰላሉን ረስቶ ቦርሳውን ከፈተ።

ከሳጥኑ ሥር የምትገባውን ቀጭን ገመድ ነቀላት። ጫፏ አረንጓዴ ናት፣ ኮኔክተር ይሏታል፤ መሃሏ ላይ ነጭ ዘንግ አለ። መለኪያ ላይ ሰካትና «ብርሃኑ ይደርሳል፣ ግን ደክሞት ነው የሚደርሰው» አለ። ብርሃን ሲል ጆሮዬን አቆምኩ። ለካ ያ ሁሉ ወሬ፣ የእኔም ኢሜይል፣ የአናጺው ወንበርም፣ በመስታወት ክር ውስጥ በብርሃን ተጭኖ ነው የሚመጣው። ዕድሜ ልኬን በብርሃን እንጀራ የምበላ ሰው ይህን አላውቅም ነበር። የገመዷን ጫፍ ልመለከት ጎንበስ ስል ከድር ትከሻዬን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ ወደ ውስጥ አይዩ። ብርሃኑ አይታይዎትም፤ ዓይንዎን ግን ይጎዳል።»

የማይታይ ብርሃን። ይህንን ቁጭ ብዬ ላስብበት ፈለግኩ፣ ጊዜ ግን አልነበረም። ከድር ወፍራም እስክሪብቶ የመሰለ ማጉያ አውጥቶ የገመዷን ጫፍ ሰካበት። የእጅ ስልክ በሚያህል ስክሪን ላይ አንድ ግራጫ ክብ ብቅ አለ፣ መሃል ለመሃሉ ትንሽ ነጥብ። «መንገዱ ያ ነጥብ ነው» አለ። «ሌላው አጥር ነው በሉት። ብርሃኑ የሚያልፈው በነጥቡ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከፀጉር በጣም ይቀጥናል።»

ነጥቡ ላይ ግን አንድ ጠማማ ነገር መንገድ ዘግቶ እንደወደቀ ባሕር ዛፍ ተጋድሟል። ዙሪያውን ድፍርስ ኩሬ ከቦታል። እኔ፣ ስንታየሁ፣ ለምሳ ሳህን ይዘው የገቡት እትዬ በላይነሽ፣ ሁላችንም አንገታችንን አስግገን ስክሪኑ ላይ ተደፋን። የገመዷን ጫፍ ግን በዓይናችሁ ብታዩት ንጹሕ ናት። ምንም የላትም። እምላለሁ።

«አቧራ አውቃለሁ፣ የጣት አሻራም አውቃለሁ» አለ ከድር አገጩን እያከከ። «የዚህን ዓይነቱን ግን እንጃ።»

ስንታየሁ ስክሪኑን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ሄደች፤ የስፌት መኪናዋ ላይ ተሰቅሎ የሚውለውን መጥረጊያ ጨርቅ አነሳች፣ ከጠርዙ አንድ ክር መዘዘችና ከስክሪኑ ጎን አስጠግታ ያዘችው። ጠማማነቱ አንድ ነው። ቀጥላ የመኪናዋን ዘይት ጠርሙስ በጣቷ አሳየችን። «ዛፉ የጥጥ ክር ነው። ኩሬው የኔ ዘይት ነው።»

«ምን አለች?» አሉ እትዬ በላይነሽ። ነገርኳቸው። ሳህኑን አስቀመጡ።

እትዬ በላይነሽን አታውቋቸውም እንጂ፣ እሳቸው የውኃ ጀሪካን ውጪውን በሳሙና የሚያጥቡ ሴት ናቸው። «ሳጥኑን ያዛወርን ቀን ጫፏ አቧራ ይዛ አየኋትና እፍ አልኩባት» አሉ ድምፃቸው እየቀነሰ። «እንቢ ሲል ጊዜ በጨርቅ አሸት አሸት አደረግኳት። ንጹሕ ትሁን ብዬ እኮ ነው!»

ስንታየሁ ጨርቁን ወደ ላይ ከፍ አደረገችው፤ በየትኛው ጨርቅ እንደሆነ ጥያቄም መልስም አላስፈለገውም። እናትየው የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ።

«እናቴ፣ እንዳያዝኑ» አለ ከድር። «እኛም ሥራ ስንጀምር እፍ እንል ነበር። ትንፋሽ እርጥበት አለው፣ ጣት ወዝ አለው፣ ጨርቅ ክር አለው። እዚያች ነጥብ ላይ ሁሉም ተራራ ነው።»

ሊጠርገው ሲነሳ ስንታየሁ እጁን ያዘችውና ስክሪኑን በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ለምን እንደፈለገችው ያኔ አልጠየቅኳትም። ከዚያ ከድር ክር የማይተው ስስ ወረቀት አወጣ፤ ዘይቱ በደረቁ አይለቅምና አልኮል ጠብ አደረገበት፣ ጫፏን አንድ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ጎተታት፣ በደረቅ ደገማት፣ ማጉያው ላይ መለሳት። ዛፉ ሄዷል። ኩሬው ግን ጠርዙ ላይ ቀርቷል። ደግሞ ጠረገ፣ ደግሞ አየ። እኔ «በቃ አልጸዳም?» ስለው «ካላየሁ አላምንም» አለኝ። ክቡ ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ ደስ ብሎት ገመዷን ወደ ሳጥኑ ሊሰካ ሲል ስንታየሁ የሳጥኑን ቀዳዳ በጣቷ ጠቆመችው።

«ያኛውስ?»

«እሱንም ልደርስበት ነበር» አለ ከድር። አልመሰለኝም። ረጅም አፍንጫ ያለው ሌላ ማጽጃ ፈልጎ አውጥቶ ቀዳዳውን ጠረገው፤ መጥረጊያው ቢጫ ሆኖ ወጣ። ለካ ንጹሑን ጫፍ ቆሻሻው ቀዳዳ ውስጥ ቢሰካው መልሶ ያቆሽሸው ነበር። በመጨረሻ ሰካት፣ መለካት፣ ሳቀ። ሲሄድ ገመዷን ማንም እንዳይነቅላት አስጠነቀቀን፤ የግድ ከተነቀለች ደግሞ ወዲያው የምትከደንበት ጥፍር የምታህል ክዳን ተወልን። ደረጃው ላይ ሆኖም ስለ ግንበኛው አንድ ነገር ጨመረ።

ኢንተርኔቱ ጠራ። ችግሩ፣ የሚደወልለት ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ስንታየሁ እኔ ሱቅ መጣችና ያቺን ቅዳሜ እንደገና አሳየችኝ። ይህን ጊዜ እኔን ታምራት አድርጋ ከፊቷ አቆመችኝ። «አንተ እንዲህ አልክ፤ ምስሉ ተበላሸ፤ እኔ እንዲህ አልኩ» ብላ ግንባሯን ቋጥራ መዳፏን ወደ ፊቴ ስትዘረጋ፣ ሳላስበው ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። ወረቀት መደርደሪያው ጀርባዬን መታኝ።

«ምን ሆንክ?»

«አስደነገጥሽኝ። እምቢ ያልሽኝ መሰለኝ።»

እጇን ሳታወርድ ቆመች። ከዚያ የደረቀውን ፊቷን እንደያዘች ከመደርደሪያው አጠገብ ያለው መስታወት ፊት ሄደች፤ ፓስፖርት ፎቶ የሚነሱ ሰዎች ፀጉራቸውን የሚያስተካክሉበት መስታወት ነው። ለረጅም ጊዜ ራሷን አየች። ታምራት በመጨረሻ ያየው ይህንን ነው። «ድገመው» የሚለውን ያላየ ሰው ምን ይላል? ደግሞስ ምን ጠይቆ ነው ሰው እንዲህ ያለ ፊት ሲያይ «ግዴለም» ብሎ የሚጠፋው? ላንጋኖ እንሂድ ብሎ አይደለም። ስንታየሁ ወደ እኔ ስትዞር ጆሮዋ ድረስ ቀልታ ነበር።

ወሬው እናትየው ጋ ሲደርስ የሆነውን አትጠይቁኝ። «በእኔ ጨርቅ! በእኔ እጅ!» እያሉ ያንን ጨርቅ ወስደው እንዳይገኝ አድርገው ጣሉት። «አሁኑኑ ጻፊለት፣ እምቢ አላልኩም በይው!» አሉ። ስንታየሁ ግን አልጻፈችም። ያልተጠየቀችውን ጥያቄ እንዴት እሺ ትላለች? የተጠየቀችው ሌላ ቢሆንስ?

ያደረገችው ይህንን ነው። ያቺን ያነሳቻትን ፎቶ፣ ግራጫውን ክብና ዛፉን፣ ያለ አንዲት ቃል ለታምራት ላከችለት።

አናጺው ብዙ አልቻለም። «ምንድን ነው?» ብሎ ጻፈ። ዝም አለችው። «ጨረቃ ነው?» አለ። ዝም። «የእንጨት ቁራጭ ነው? ትል በልቶታል?» ስልኳን ይዛ መጥታ እያንዳንዱን ታሳየኛለች፤ ሁለታችንም እንስቃለን። በመጨረሻ መልስ ሰጠችው፤ «ቅዳሜ ደውል። በእጄ እነግርሃለሁ።»

ቅዳሜ ደወለ። በእጅ የሚወራ ወሬ ለሚያይ ሁሉ የተጋለጠ ነውና ስንታየሁ መስኮቱ ላይ ያልተሰፋ ጨርቅ ጋረደች፤ እኔም ማየት የማይገባኝን ላለማየት ማሽኔን ስወለውል ዋልኩ። ስትወጣ የነገረችኝ ትንሽ ነው። የጨረቃዋን ታሪክ ነግራዋለች። እሱ መጀመሪያ አላመናትም፤ ቀጥሎ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ጥያቄውን ደገመላት፣ ይህን ጊዜ ምንም አልጠፋም። «አንቺና እኔ እንጋባ ወይ? ሽማግሌ ልላክ ወይ?» ነበር ያለው።

«ታዲያ ምን አልሽው?»

«ላክ አልኩት።»

ሽማግሌዎቹ ከዐቢይ ጾም በፊት በአንድ እሑድ ጠዋት ከሐዋሳ መጡ። የነስንታየሁ ቤት ሀና ማርያም ነው፤ እኔ በአባት ቦታ እንድቆም ተለምኜ ኮቴን ለብሼ ተገኘሁ። የሽማግሌዎቹ አፍ የታምራት አጎት፣ አቶ ዘለቀ፣ ነበሩ፤ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል፤ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም» አሉ ቆመው። እንደ ወጉ ለምነን አስቀመጥናቸው። ብዙም አላስቸገሩን፤ መንገዱ ረጅም ነው።

ልጅቷ በእንዲህ ያለ ቀን ጓዳ ትሆናለች፤ ይህን ታውቃላችሁ። ሌላዋ ብትሆን ከመጋረጃው ኋላ ቆማ ጆሮዋን ትጥል ነበር። ስንታየሁ የምትጥለው ጆሮ የላትም። ስለዚህ መጋረጃውን ገለጠችና በርጩማ ይዛ ወጣች፤ የሁላችንንም ፊት የምታይበትን ማዕዘን መርጣ ቁጭ አለች። እናቷ በዓይናቸው «ግቢ» አሏት። ይህንን ብቻ ነው ያላየችው።

እኔ ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ ሰሞኑን በልቤ ስለማመደው የነበረውን ተናገርኩ። «ጥያቄያችሁን በአክብሮት ተቀብለናል። ቤተ ዘመድ ተማክሮ መልስ እንሰጣችኋለን።»

ስንታየሁ እጇን አወዛወዘችልኝ። «ምን አልካቸው?»

ነገርኳት።

«ማን ነው የሚማከረው?»

«ቤተ ዘመድ።»

እጆቿ ተነሱ። ቀስ እያለች፣ እኔ እንድከተላት እያሰበች ነበር የተናገረችው። «የተጠየቅኩት እኔ ነኝ። አገባዋለሁ። ግን ደንበኞቼን ትቼ ሐዋሳ አልሄድም፤ እሱ መላጊያውን ይዞ ይምጣ። ደግሞ አንድ ነገር ጠይቅልኝ፤ አንዴ ግንባሬን ስቋጥር የጠፋ ሰው፣ ከተጋባን በኋላ በቀን ስንት ጊዜ ሊጠፋብኝ ነው?»

 አቶ ዘለቀ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለች ልጃችን?»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሁሉም ገብቶኛል። መከራዬም እሱ ነበር። «አለስልሰው፣ አቶ አየለ» አሉኝ እትዬ በላይነሽ በሹክሹክታ። የለሰለሰ አማርኛ አላጣሁም፤ «ልጃችን ደስ ብሏታል፣ ዝርዝሩን ደግሞ ቀስ ብለን…» የሚለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ስንታየሁ ከንፈሬን እያየች ነው። ስለዚህ እንዳለ አወጣሁት፤ አገባዋለሁን፣ መላጊያውን፣ ግንባሯን፣ ሁሉንም። ምንም አልጨመርኩበት፣ ምንም አልቀነስኩበት። እትዬ በላይነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አቶ ዘለቀ ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ጋቢያቸውን ከሁለቱም ክንዳቸው ላይ ሰብስበው ወደ ኋላ ጣሉትና እጃቸውን ነጻ አደረጉ።

«ታምራትን ያሳደግኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። «ያለችውን መጀመሪያም አይቻለሁ። እርስዎ እንዴት አድርገው እንደሚያደርሱልኝ ላይ ብዬ ነው።»

ይህን ብለው ወደ ስንታየሁ ዞሩ፣ እጃቸውም መናገር ጀመረ። ያ ዝምተኛ ሰውዬ! ጣቶቻቸው ይሮጣሉ፣ ቅንድባቸው ይቀልዳል። ስንታየሁ በርጩማዋን አስጠጋች። ከዚያ ወዲያ እኛን ዞር ብሎ የሚያየን ጠፋ። ከሁለቱ በቀር በዚያ ቤት ውስጥ የሆነውን የሚያውቅ የለም፤ የሐዋሳዎቹ ሌሎች ሽማግሌዎችም እንደኛው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። እኔ «ወንበር» የሚለውን ያዝኩ፤ ቆይቼ «እናት» የሚለውን ያዝኩ፤ ቀሪው አለፈኝ። በመሃል ስንታየሁ ግንባሯን ቋጠረች። አቶ ዘለቀም የራሳቸውን ቋጠሩባት። ሁለቱም ሳቁ።

«ምን እያሉ ነው?» አሉኝ እትዬ በላይነሽ ክንዴን ይዘው።

«የተስማሙ ይመስለኛል» አልኳቸው።

አቶ ዘለቀ ሰሙኝ። ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ «ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው» አሉ፤ «መላጊያውን ይዞ ይመጣል። አሁን ቤተ ዘመዱ መማከር ይችላል።»